በሙሉ ድምፅ

መፈክር ጸሐፊ ነበርኩ። መምህርነቱ የደመወዜ ስም ነው እንጂ ሰቆጣ የሚያውቀኝ በብሩሽ ነው። ከከተማው ትምህርት ቤቶች በአንዱ አማርኛ አስተምር ነበር። ጽሕፈቴ ስለሚያምር በዓል በመጣ ቁጥር፣ ከላይ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ «ያንን መምህር ጥሩት» ይባላል። አቡጀዲውን ሁለት ወንበር ላይ ወጥሬ በቀይ ቀለም እጽፋለሁ። የምጽፈውን በብጣሽ ወረቀት ይሰጡኛል፤ «ይለምልም»፣ «ይውደም»፣ «እናረጋግጣለን»። ምን እንደሚለመልምና ምን እንደሚወድም ልብ ብዬ ያነበብኩበት ቀን ትንሽ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ የፊደሉ እግር መስተካከሉ ነበር።

በዓሉ ሲያልፍ ጨርቁን የሚጠባበቁ ሴቶች ነበሩ። በዚያ ድርቅ በማይለየው አገር አቡጀዲ የሚጥል ሰው የለም። ባለቤቴ የአንዱን ዓመት መፈክር የፍራሽ ልብስ አድርጋ ሰፋችው። ስንት ጊዜ አጥባው ቀለሙ አልለቅ አለ፤ እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ «በጋራ ጥረታችን» ላይ ተኛሁ። ጠዋት መነሳት ሲያቅተኝ «ምነው የጋራ ጥረቱ ከበደህ?» ትለኛለች። የእሷ ምላስ ለብቻው ደመወዝ ሊከፈለው የሚገባ ምላስ ነው።

በምንኖርበት ግቢ፣ ግድግዳ ብቻ ለይቶን፣ የሥነ ዜጋው መምህር ይኖር ነበር። ጓደኛዬ ነው። ነበር ልበል? እንጃ። እናቱን ከደሃና ገጠር በበቅሎ ያመጣቸው እሱ ነው። ስድስት ወልደው የቀረላቸው እሱ ብቻ ነበር፤ ዐይናቸውም በማዝ ጠፍቶ ነበር። ውሃ ይቀዳላቸዋል፣ ልብሳቸውን ያጥባል፣ እሁድ እሁድ ክንዳቸውን ይዞ ቤተ ክርስቲያን ያደርሳቸዋል። ሴቶቹ «ወንድ ልጅ ቀሚስ ሲያጥብ» እያሉ ይስቁበት ነበር፤ እሱ ግን «እናንተ ባሎቻችሁ ስለማያጥቡላችሁ ነው፣ ቅናት ነው» ብሎ ይመልስላቸዋል። እናቱ በደህናው ቀን አማርኛና የአገሩን አገውኛ፣ ኽምጣናን፣ እየቀላቀሉ ያወራሉ። ሲቆጡ ግን ኽምጣና ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ጓደኛዬ እንኳ ተርጉም ብንለው አይተረጉምም።

ጓደኛዬ የሚያስተምረው መጽሐፍ ውስጥ ስለ መቻቻል የሚናገር ምዕራፍ ነበር። የተለየ ሐሳብን ማክበር፣ የሐሳብ ብዝኃነት፣ ምን የሌለበት አለ! አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ይሄ የት አገር ነው ያለው?» ብሎ ጠየቀው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጓደኛዬም አብሮ ሳቀና «አሜሪካ አለ ይላል መጽሐፉ» አለ። ቤት መጥቶ ሲነግረኝ ግን አልሳቀም።

እንግዲህ ዘጠናዎቹ ሲጋመሱ አሜሪካዊው መጣ። ውሃ ከሚያስቆፍሩ ሰዎች ጋር ነበር፤ ወጣት፣ ፊቱ ፀሐይ የላጠው፣ «እንደምን አደራችሁ» ማለት በቶሎ የለመደ። አገሩ ያን ጊዜ ሩቅ አገር ጦርነት ገብታለች። ይህ ልጅ በደብተሩ ሽፋን ላይ የአገሩን ባንዲራ ለጥፏል፤ ከባንዲራው ሥር ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። ጓደኛዬ አንብቦ ተረጎመልን። «አገሬን እወዳለሁ፤ መሪዬ ግን ተሳስቷል» ይላል። በስንት ዓመት የመፈክር ሥራዬ እንዲህ ያለ መፈክር አላየሁም። አንድ ወገን ብቻ ነው መፈክር የሚኖረው ብዬ ነበር የማስበው።

ወሬው በአንድ ቅዳሜ ገበያ ከተማውን ዞረ። ጠላ ቤት የተቀመጠው ሰው ሁሉ ነገሩን በአንድ አፍ ፈታው፦ ልጁ ሰቆጣ የመጣው ተቀጥቶ ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? እኛ ዘንድ የሚናገር መምህር ከደሴ ወደ ሰቆጣ ይላካል፤ ሰቆጣም ሆኖ ዝም ካላለ ወደ ሰሃላ ይላካል። ሰሃላ መንገድ የለው፣ መብራት የለው፤ በእግር ሁለት ቀን ነው። እና አሜሪካም የራሷ ሰሃላ ይኖራታላ! «የአሜሪካ ሰሃላ እኛ ነን ማለት ነው» አለ አንዱ፤ እየሳቅን ግን አመንን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ልጁን ሲያይ ከንፈሩን ይመጥጣል። ባለ ጠላ ቤቷ ብርጭቆውን ሞልታ «ግዴለም፣ ይመልሱሃል፣ እግዜር ያውቃል» ትለዋለች። እሱ ምን እንደምትለው ስለማይገባው ፈገግ ይላል፤ እሷ ደግሞ ፈገግታውን ስታይ የበለጠ ታዝንለታለች።

በኋላም ሦስት ሽማግሌዎች እኔ ቤት መጡ። ጽሕፈቱ ያማረው እኔ ነኛ! ለልጁ መንግሥት የይቅርታ ማመልከቻ እንድጽፍላቸው ነው። አንደኛው ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ልጁ ጨዋ ነው፤ ልጅነት ነው ያናገረው፤ ደግሞ አይለምደውም ብለህ ጻፍ» አሉኝ። ጻፍኩ። በእውነት ነው የምላችሁ፣ ሁለት ገጽ ሙሉ፣ ጎንበስ ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ እንዲተረጉመው ስሰጠው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እስኪያነባ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመና ወረቀቱን ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና አነበበው።

ሽማግሌዎቹ ደብዳቤውን ለልጁ ለራሱ ሰጡት፤ ጓደኛዬ በቃል ተረጎመለት። ልጁ ፊቱ ቀላ፣ ዐይኑ እንባ አቀረረ። ማንም አልላከኝም አለ፤ እዚህ ለመምጣት አመልክቼ ዓመት ጠብቄያለሁ። አባቴ የመሪው ደጋፊ ነው፤ በበዓል ቀን ማዕድ ላይ እንጨቃጨቃለን፣ እናቴ ጠረጴዛውን በማንኪያ ስትመታ ዝም ብለን እንበላለን። አንድ ጎረቤታችን ግን አገሩን የከዳ ብሎኛል፣ ሰላምታም ነሥቶኛል አለ። ጓደኛዬ «ሥራህንስ?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ ጥያቄው ግራ ገባው። «ሥራዬን ምን አገናኘው?» አለ።

ሽማግሌዎቹ አላመኑትም። ወጥተው «ፈርቶ ነው፣ ምስኪን፤ በሰው አገር እውነቱን እንዴት ይናገር» ተባባሉ። ጓደኛዬ ግን አመነ። ያቺን ቃል ይዞ ወራት ከረመ። ምሳ ስንበላ ጎርሶ ያቆምና «ሥራዬን ምን አገናኘው! ሰማህ?» ይለኛል። እኔ እበሳጭበታለሁ። «እነሱ ጠግበው ነው። የጠገበ ሰው ቢጨቃጨቅ ምን ይሆናል? ደግሞ ጎረቤቱ ሰላምታ ነሥቶት የለም?» እለዋለሁ። «ሰላምታ ነሣው እንጂ እንጀራውን አልነሣውም» ይላል። «እኛ እኮ መቻቻል የምንለው ዝም መባባልን ነው፤ ተማሪዎቼን ይህንን ነው ሳስተምር የኖርኩት።» እኔም «በልተህ ጨርስ፣ ወጡ ቀዘቀዘ» አልኩት።

አሁን ወደ ስብሰባው ልምጣ። መምጣቱን አልወደውም፤ ግን ይህን ሁሉ የምለው ለእሱ ነው።

የመምህራን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ ነበርኩ፤ እሱም በጽሕፈቴ የመጣ ዕዳ ነው። አሠራራችንን ልንገራችሁ። ሰብሳቢው ሐሳቡን ያቀርባል። «የምትደግፉ?» ይላል፣ እጅ ይወጣል። «የምትቃወሙ?» የሚለውን ግን ወረቀቱን እየገለበጠ፣ ቀና ሳይል ነው የሚለው። «ድምፀ ተአቅቦ?» ሲል ደግሞ እስክሪብቶውን ኪሱ እየከተተ ነው። እኔም ጊዜ ለመቆጠብ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» የምትለውን አስቀድሜ፣ ሐሳቡ ሳይቀርብ፣ እጽፋታለሁ። ስንት ዓመት ሠርቼበታለሁ፤ አንድም ቀን ሰርዤ አላውቅም።

የዚያን ቀን የቀረበው ጉዳይ እንግዶች ስለሚመጡ የአስረኛ ክፍል ተማሪዎች ሦስት ሳምንት ትምህርት አቁመው የሰልፍና የመፈክር ልምምድ ያድርጉ የሚል ነው። ብሔራዊ ፈተናቸው ሊደርስ ሁለት ወር አልቀረውም። ሁላችንም ሆዳችን ያውቃል፤ ልጆቹ ከገጠር ስንቅ ተሸክመው የመጡ፣ ያቺን ፈተና ካላለፉ ወይ ሞፈር ወይ በረሃ አቋርጦ ዓረብ አገር የሚጠብቃቸው ናቸው። «የምትደግፉ?» ተባለ፣ እጃችን ወጣ። «የምትቃወሙ?» ተባለ። ጓደኛዬ እጁን አነሳ።

ሰብሳቢው ወረቀቱን ገልብጦ ጨርሶ ነበር፤ መልሶ ገለበጠው። ጓደኛዬ ተነሥቶ ሳይጮህ ተናገረ። «የምቃወመው እንግዶቹን ጠልቼ፣ አገሬን ጠልቼ አይደለም። ልጆቹ ፈተና አለባቸው። ልምምዱ ቅዳሜና እሁድ ይሁን ነው የምለው» አለና ተቀመጠ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አንድ ተቃውሞ ብለህ መዝግብልኝ» አለኝ። ሰብሳቢው ፈገግ አለ። «ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ዴሞክራሲ ነው» አለና ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ። ስብሰባው ሲያበቃ ግን አጠገቤ መጥቶ ትከሻዬን ዳበስ አደረገኝ። «ያንን ነገር አታበላሽብን፤ ቤታችን አንድ ነው» አለኝ። አላስፈራራኝም፣ አልተቆጣኝም። እኔም ደብተሩን ከፈትኩ፤ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ተጽፎ ደርቋል። መሰረዝ ብቻ ነበረብኝ። ደብተሩን ዘጋሁት።

ጓደኛዬ ማታ ሲጠይቀኝ «ጽፌዋለሁ» አልኩት።

ሳምንት ቆይቶ ግምገማ ተጠራ። ግምገማ ማለት ሰው በሥራ ባልደረቦቹ ፊት ቆሞ ድክመቱ የሚዘረዘርበት ስብሰባ ነው። ለካስ ልምምዱ ላይ አንዳንድ ተማሪዎች ቀርተዋል፤ ያሳመጻቸው ጓደኛዬ ነው ተባለ። በክፍል ስለ አሜሪካ እያወራ፣ ባንዲራና መሪ የተለያየ ነገር ነው እያለ አሳምጿል አሉ። እሱ ተነሥቶ ተረጋግቶ መለሰ። «እኔ የምለውን እዚሁ፣ በፊታችሁ፣ እጄን አውጥቼ ብያለሁ። ከጀርባ ያልኩት የለም። ቃለ ጉባኤው ይነበብ» አለ።

ዞሮ አየኝ። በምን ዓይነት እምነት እንዳየኝ ዛሬም ፊቴ ላይ አለ።

ተነሥቼ አነበብኩ። ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም። «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ብዬ ተቀመጥኩ። ሰብሳቢው አሁን ሙሉ ሰው ሆነ። «እንግዲህ በስብሰባ ደግፎ ከስብሰባ ውጭ የሚያሳምጽ ሰው ምን ይባላል? እጁን አውጥቶ ሲቃወም ያየ አለ?» አለ። አርባ የምንሆን መምህራን ነበርን። አርባችንም አይተናል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! አንዱ ጫማውን ያያል፣ አንዱ ኮርኒሱን ይቆጥራል፣ አጠገቤ የነበረችው የሂሳብ መምህርት የሹራቧን ክር ትጎነጉናለች። ጓደኛዬ አንዳችንንም አልለመነም። «አይታችኋል» አላለም። «እሺ» ብቻ አለና ተቀመጠ። እኔም እንደ ሰው ሁሉ ዝም አልኩ፤ ዝም አይነቅዝም ይባል የለ! ይህን ተረት ያወጣው ሰው ግን ምን እንደሚነቅዝ አላየም።

በወሩ የዝውውር ደብዳቤ መጣለት። «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ይላል፣ ሰሃላ ይላል። ሁለት ቀን በእግር፣ ቆላ ለቆላ። ዐይናቸው የማያይ አሮጊት እዚያ ገደል አይወርዱም፤ ሐኪም የለ፣ የሚያውቁት ቤተ ክርስቲያን የለ። እምቢ እንዳይል ደመወዙ ነው የሁለቱም ጉሮሮ። ከዚህ ሁሉ ጣጣ ያሳሰቡት እናቱ ብቻ ነበሩ። ርዕሰ መምህር ሆኜ ተሾሜ ነው የምሄደው ብሎ ነገራቸው። እልል አሉ። ጓደኛዬ እልልታውን ሰምቶ ወደ ጓሮ ወጣ፤ እኔም ወጣሁ። «እናቴን አደራ» አለኝ። ስለ ቃለ ጉባኤው አንድም ቃል አላነሳብኝም። ላንሳው ብዬ አፌን ከፍቼ «ስንቅ ይዘሃል?» አልኩት።

አደራዬን በላሁ አልልም፤ ጠበቅኩ። ባለቤቴ ምግባቸውን ታደርሳለች፤ እሁድ እሁድ ክንዳቸውን ይዤ ቤተ ክርስቲያን የማደርሳቸው እኔ ሆንኩ። መንገዱን ሙሉ ይመርቁኛል። «እንዳንተ ያለ ጓደኛ ይስጠው፤ ክፉ አይንካህ፤ ልጅህ እንዳንተ ይሁን» ይሉኛል። ልጅህ እንዳንተ ይሁን! እርግማን ቢሆን ኖሮ ምን ይጎድለው ነበር? ባለቤቴ አንድ ቀን «እውነቱን ንገራቸውና ይለይልህ» አለችኝ። «ተይኝ» አልኳት። «አንተን ነው ወይስ ፍርሃትህን ነው የምተወው?» አለች። እውነቷን ነበር፤ ግን ተናደድኩባት።

አንድ ቀን ቆርጬ ሰብሳቢው ቢሮ ሄድኩ። ደብተሩን በብብቴ ይዣለሁ። «ይህች ነገር ተሳስታ ተጽፋለች፤ ይታረምና መምህሩ ይመለስ፤ እናቱ ዐይነ ስውር ናቸው» ልለው ነው። እያዘንኩ ልንገራችሁ፣ ሰውየው ክፉ ሰው አልነበረም። ሻይ አዘዘልኝ። አዳመጠኝ። ሲያዳምጥ ቆይቶ «ስህተት ነው የምትለው ያንተ ስህተት ነው አይደል? ታዲያ ስህተቱን ያመነ ሰው ግምገማ ላይ ይቀርባል» አለኝ በለስላሳ ድምፅ። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ ብጣሽ ወረቀት አወጣ። «ይልቅ ይህችን ለሰኞ አድርስልን።» አነበብኩት። «መቻቻል ባህላችን ነው!» ይላል።

ጻፍኩት። አዎ፣ ጻፍኩት! በአራት ሜትር አቡጀዲ ላይ፣ ፊደሉ እግሩ ተስተካክሎ።

ክረምቱ ሲገባ ነው የተሰማው። ከሰሃላ ማር ይዞ ገበያ የመጣ የጓደኛዬ እናት ዘመድ ሊጠይቃቸው ገብቶ እውነቱን ዘረገፈው። ሹመት የለም፤ ልጅዎ በቅጣት ነው የተላከ፤ ወባም አንኮታኩቶታል አላቸው። ከትምህርት ቤት ስመለስ አስጠሩኝ። ደጃፋቸው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። እንደ ወትሮው «ልጄ» አላሉኝም።

«ልጄ በስብሰባ እጁን አንሥቶ ነበር አሉኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው እናቴ።»

«አንተ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«አይተኸዋል?»

ለሰብሳቢው ያልሆንኩትን፣ ለአርባ ሰው ያልሆንኩትን ሰው ሆንኩና «አይቼዋለሁ» አልኩ። ቃለ ጉባኤውን፣ ያነበብኩትን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ በኽምጣና ይሁን ብዬ እንኳ ተመኘሁ።

«ለእኔ ነገርከኝ» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ምን ላድርገው? ለእኔ አይደለም የሚነገረው።»

በማግስቱ የሚመርቀኝ አፍ አልነበረም። ባለቤቴ የምትወስደውን ምግብ ተቀበሉ፤ የእኔን ክንድ ግን አልያዙም። ሳምንት ሳይሞላ ዘመዶቻቸው ከደሃና በቅሎ ይዘው መጥተው ወሰዷቸው። ለጥምቀት ሳይደርሱ ዐረፉ። ጓደኛዬ መርዶ ሲደርሰው፣ ወንዝ ሞልቶ አይደለም፣ ፈቃድ የሚፈርም ሰው ጠፍቶ ሦስት ቀን ዘገየ። የደረሰው ከቀብር በኋላ ነው።

ለቅሶ ደርሼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከስቷል፣ ፊቱ ብጫ ሆኗል። ሰው እስኪወጣ ጠብቄ «ጥፋተኛው እኔ ነኝ። አልጻፍኩልህም። ዋሽቼሃለሁ» አልኩት። ያን ሁሉ ጊዜ የተለማመድኩት ንግግር ነበር፤ ከዚህ በላይ አልወጣልኝም።

«ዐውቃለሁ» አለኝ። «ስታነብ ነው ያወቅኩት። ብትጽፈውስ? ያነቡት ነበር ብለህ ነው?»

«ሰው ያየው ነበር።»

«ሰው አይቶት ነበር እኮ» አለ። አልተቆጣም። ስለ አየሩ ጠባይ የሚያወራ ነው የሚመስለው። «እኔም አሁን ተሻሽያለሁ፤ እዚያ ስብሰባ ሲኖር ከሁሉም ቀድሜ እጄን የማነሳው እኔ ነኝ። የምትደግፉ ሳይባል ነው የማነሳው። ሰሃላ ቆላ ነው፣ ልጆቹም ጥቂት ናቸው፣ ማንም የሚፈተን የለም። አሁን ሰቆጣ ልንመልስህ ነው ብለውኛል።»

ትከሻዬን ዳበስ አደረገኝ፤ አጽናኝ እሱ፣ ሐዘንተኛ እኔ ሆንኩ። ሲሄድ ቢሰድበኝ፣ ፊቴ ላይ ቢተፋ፣ ቤቴ ድረስ መጥቶ በር ቢሰብርብኝ፣ ያን ቀን እጁን ያነሳው ሰው አንድ ቦታ ተርፏል እል ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ተመለሰ። በመጀመሪያው ስብሰባ አጠገቤ ተቀመጠ፤ እኔ ገና ብዕሬን ሳልከፍት፣ «የምትደግፉ?» ሳይባል፣ እጁን አነሳ።